ስምንት ወር የሰራሁበት ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ፦ ጥንዚዛን በአይን ለማየት ጥሩ፣ ካሜራው ጉድ ነው

ይሄን ሪቪው ለመጻፍ ስምንት ወር ጠብቄያለሁ፣ እቃው በደረሰው በሶስተኛው ቀን "አሪፍ ነው አምስት ኮከብ" ብሎ የሚጽፍ ሰው ስለማይመቸኝ። እቃው ባለ ሶስት ቱቦ ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ ነው፣ ሁለቱ ቱቦ ለአይን ሶስተኛው ለካሜራ፣ ዙሙ ከ7 እስከ 45 እጥፍ ይሄዳል፣ ከስሩ የሚታሰር የቀለበት ኤልኢዲ መብራት እና "18 ሜጋፒክስል" የተባለለት የዩኤስቢ ካሜራ አብሮት ይመጣል። ብራንዱን አልጠራም፣ ያው አንድ አይነት እቃ ላይ ስንት አይነት ስም ተለጥፎ ስለሚሸጥ የስሙ ነገር ብዙም አይጠቅማችሁም።

ስራዬን ካልነገርኳችሁ ግን የምለው ነገር ውሃ አያነሳም። እኔ የምሰራው ከትሮፒካል ጫካ በሚመጡ ረጅም ቀንድ ጥንዚዛዎች ላይ ነው፣ ሴራምቢሲዴ የሚባለው ቤተሰብ፣ ስም የወጣላቸው ብቻ ከ35 ሺህ ዝርያ በላይ ናቸው፣ ስም ያልወጣላቸው ደግሞ በየሙዚየሙ መሳቢያ ውስጥ በመርፌ ተወግተው ተራ እየጠበቁ ነው። አለቃዬ ዶክተሯ እድሜያቸውን ሙሉ ጥንዚዛ ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው፣ አዲስ ሳይሆን አይቀርም ብለው የጠረጠሩትን ነጥለው ይሰጡኛል፣ እኔ እለካለሁ ፎቶ አነሳለሁ የገለጻውን፣ ማለትም አዲሱ ዝርያ ስም ወጥቶለት የሚተዋወቅበትን ጽሁፍ፣ የመጀመሪያ ረቂቅ እጽፋለሁ፣ ከዛ እሳቸው በቀይ እስክሪብቶ ያርዱታል። እና ይሄንን ማይክሮስኮፕ የሞባይል ቦርድ ለመበየድ ወይ ሳንቲም ለማየት የሚፈልግ ሰው የኔን ሪቪው ግማሹን ብቻ ይስማ፣ የኔ ፈተና ሌላ ነው።

ከጥሩው ልጀምር። ለአይን የሚሰጠው ምስል ከጠበቅኩት በላይ ነው። መሀሉ ብቻ ሳይሆን ጫፍ ጫፉም ጥርት ያለ ነው፣ ጠርዝ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ቀለም ይረጫል ግን ካልፈለጋችሁት አታዩትም። የመጀመሪያ ቀን ከሳጥን አውጥቼ ሳልጨርስ አንድ ወደ 3 ሴንቲሜትር የሚሆን ጥንዚዛ አስቀመጥኩበት እና እግሩ ላይ ሄድኩ። እዚህ ቤተሰብ ውስጥ እግሩ አንዱ መታወቂያ ነው። ቀንዱ ረጅም ስለሆነ ብቻ ረጅም ቀንድ ነው ማለት አይቻልም፣ አጭር ቀንድ ይዘው የዚሁ ቤተሰብ የሆኑ አሉ። የእግሩ ጣት በባዶ አይን ሲቆጠር አራት አንጓ ይመስላል፣ ግን አምስት ነው፣ አራተኛው በጣም ትንሽ ሆና ልብ ቅርጽ ባለው በሶስተኛው አንጓ ስር ተደብቃለች። ድሮ በምንጠቀምበት ማይክሮስኮፕ ያቺን አንጓ ለማየት አንገቴን ሰብሬ ጥንዚዛውን አንድ አስር ጊዜ ማገላበጥ ነበረብኝ፣ በዚህኛው 30 እጥፍ ላይ ከጎን ትንሽ ሳዘነብለው ቁጭ ብላ ታየችኝ፣ ከነጸጉሯ። ያኔ ነው እቃው ገንዘቤን እንዳልበላው የገባኝ።

አይኑም እንደዛው። የእነዚህ ጥንዚዛዎች አይን ክብ አይደለም፣ ኩላሊት ይመስላል፣ ቀንዱ የሚበቅልበትን ጉብታ እቅፍ አድርጎ ይዞራል። አንዳንዶቹ ላይ እቅፉ ጠብቦ ጠብቦ የላይኛው እና የታችኛው የአይን ክፍል በቀጭን ክር ብቻ ይያያዛሉ፣ ጭራሽ ለሁለት የተከፈለባቸውም አሉ። ገለጻ ላይ የላይኛው የአይን ክፍል ስንት ረድፍ ኦማቲዲያ አለው ተብሎ ይጻፋል፣ ማለትም ትንንሾቹን የአይን ነጥቦች ትቆጥራላችሁ፣ እና ይሄ ማይክሮስኮፕ 45 ላይ ያስቆጥራል። ደግሞ ሲያዙ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምጽ የሚያሰሙት ከአፋቸው የሚመስላችሁ ካላችሁ አይደለም፣ ፕሮኖተም የሚባለው የደረቱ ጋሻ ጠርዙን ከስሩ ያለ ሞረድ የመሰለ ቦታ ላይ ሲያፋጨው ነው። ያንን ሞረድ መስመር በመስመር አየሁት። ለስራዬ አላስፈለገኝም ነበር፣ በቃ ማየት ስለቻልኩ አየሁት፣ ግማሽ ቀን ሄደ።

አሁን ወደ መጠኑ ልምጣ፣ ምክንያቱም ሻጮቹ ይሄን ነገር አይናገሩም። 7 እጥፍ ላይ የምታዩት ክብ ስፋቱ 28 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ለጉንዳን አዳራሽ ነው፣ ለኛ ጥንዚዛ ግን ጓዳ። ከደቡብ አሜሪካ ጫካ የሚመጣው ታይታነስ ጂጋንቲየስ ርዝመቱ እስከ 16.7 ሴንቲሜትር ይደርሳል፣ እሱን እዚህ ስር ማስገባት ዝሆንን በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው፣ ግን እሱ ይቅር፣ ተራው 2 ሴንቲሜትር የሆነው ጥንዚዛ ራሱ ቀንዱ የሰውነቱን ሁለት እጥፍ ሲሆን የት ይገባል። ለዚህ መፍትሄው የ0.5 ተጨማሪ ሌንስ ነው፣ ከስር ይጠመዘዛል፣ እይታውን እጥፍ ያደርግላችኋል፣ በተጨማሪ በሌንሱ እና በናሙናው መሀል ያለውን ክፍተት ይጨምራል። ይቺን ክፍተት አትናቁ። ጥንዚዛችን በመርፌ ላይ ነው ያለው፣ ከስሩ ሁለት ሶስት ሌብል ተሰክቶበታል፣ መርፌው ከላይ ወጥቶ ቆሟል፣ ክፍተቱ ጠባብ ሲሆን የመርፌው ራስ ሌንሱን ይቧጭራል። እኔ ቧጭሬያለሁ። የሰው አትንኩ እያልኩ የራሴን።

ሌንሱ ለብቻ ነው የሚታዘዘው፣ ሳጥኑ ውስጥ የለም። 45 የማይበቃው ካለ ደግሞ የ2 እጥፍ ሌንስ አለ፣ 90 ያደርሳችኋል፣ ግን ክፍተቱ ወደ 3 ሴንቲሜትር ይወርዳል፣ እና መቆንጠጫ ይዞ ከስሩ መስራት መከራ ነው። 4 እና 5 ሚሊሜትር ለሆኑት ትንንሾቹ ግን ግዴታ ነው፣ ሰው ረጅም ቀንድ ሲባል ግዙፍ ነገር ይታየዋል እንጂ ጫካ ውስጥ አብዛኛው ትንሽ፣ ግራጫ፣ የዛፍ ልጣጭ የመሰለ ነገር ነው።

አሁን መብራቱ። እዚህ ላይ ትንሽ ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ።

የቀለበት መብራቱ በጣም ደማቅ ነው፣ ሻጩም አፉን ሞልቶ የሚያወራው ስለሱ ነው፣ ለጥንዚዛ ግን ጠላት ነው። የክንፉ ሽፋን የሚያብረቀርቅ ከሆነ የአምፖሎቹ ነጸብራቅ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ክብ ሰርቶ ጀርባው ላይ ይቀመጣል፣ እና ከስሩ ያሉትን ጥቃቅን ጉድጓዶች ይሸፍናቸዋል። ጉድጓዶቹ ደግሞ ጌጥ አይደሉም፣ ስንት ናቸው፣ ምን ያህል ይራራቃሉ፣ ወደ ጫፉ ሲሄዱ ይጠፋሉ አይጠፉም፣ ይሄ ሁሉ ገለጻ ላይ ይገባል። ያም ሆኖ ጸጉር የሌለው ጥንዚዛ ይሻላል። ላሚይኔ የሚባለው ከሁሉም ትልቁ ንኡስ ቤተሰብ አለ፣ ፊቱ ወደታች የወደቀ፣ የአፉ ጣት ጫፉ የሾለ፣ የፊት እግሩ ላይ ቀንዱን የሚያጸዳበት ቦይ ያለው፣ እነሱ ላይ ሁሉ ነገር ጸጉር ነው። ጀርባቸው ላይ የተኛ ደቃቅ ጸጉር ነው መልኩን፣ ነጠብጣቡን፣ መቀነቱን የሚሰራው። እና የተኛ ጸጉር እንደ ሐር ጨርቅ ነው፣ ብርሃኑ በመጣበት አቅጣጫ ይነጣል፣ በሌላ በኩል ሲመጣ ይጠቁራል።

በሁለተኛው ወር ምን ሆነ መሰላችሁ፣ አንድ ሳጥን ውስጥ ከአንድ ጫካ የተሰበሰቡ ሁለት ናሙናዎች ነበሩ፣ አንዱ ጀርባ ላይ ከወገቡ በታች ጥርት ያለ ነጭ መቀነት አለ ሌላኛው ላይ የለም። ደስታዬን አትጠይቁኝ፣ በቃ ሁለት ዝርያ ነው አልኩ፣ ሁለት ቀን ፈጅቼ ረቂቅ ጻፍኩ፣ ልዩነቱን ሁሉ ዘረዘርኩ፣ ለዶክተሯ ይዤ ገባሁ። አነበቡት፣ ምንም አላሉም፣ ተነስተው ወደ ማይክሮስኮፑ መጡ፣ አዩ።

"ልጄ፣ ናሙናውን ሳትነኪ መብራቱን ብቻ አዙሪው እስቲ" አሉኝ።

ቀለበቱ አይዞርም አልኳቸው። "እንግዲያው አጥፊውና የእጅ ባትሪ አምጪ።" አመጣሁ። በግራ በኩል ሲያበሩት መቀነቱ አለ፣ በቀኝ በኩል ሲያበሩት መቀነቱ የለም። ጥንዚዛው ራሱ በመርፌው ላይ ጎበጥ ብሎ ስለተወጋ ነበር ብርሃኑ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚመታው። ሁለተኛውን ቀና ሲያደርጉት እሱም ላይ መቀነት ወጣ። ሁለት ዝርያ የነበረው ነገር በሁለት ደቂቃ አንድ ሆነ፣ ያውም ስም ያለው አሮጌ ዝርያ። እሳቸው ምንም አልተቆጡም፣ "ይሄ መብራት ስንት ዝርያ ሊያስወልድሽ ነበር" ብለው ሄዱ፣ ብትቆጡኝ ይሻል ነበር እኮ።

ከዛ ቀን በኋላ ቀለበቱን ፈትቼ አስቀመጥኩት። አሁን የምጠቀመው ሁለት አንገታቸው የሚታጠፍ የጠረጴዛ መብራት ሲሆን ናሙናውን በግማሽ የተቆረጠ የፒንግ ፖንግ ኳስ ከላይ ቀዳዳ አድርጌ እሸፍነዋለሁ፣ ለትልልቆቹ ደግሞ ነጭ የፕላስቲክ ኩባያ። ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ተበትኖ ይገባል፣ ዶቃው ይጠፋል፣ ጉድጓዱም ጸጉሩም ይታያል። ይሄ የኔ ግኝት አይደለም፣ ነፍሳት ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፣ ግን ማይክሮስኮፑን የሚሸጡት ሰዎች አንድ ነጭ ኩባያ ሳጥኑ ውስጥ ቢጨምሩ ምን ይጎድልባቸው ነበር? በነገራችን ላይ ጸጉሩ ጭራሽ የማይታይባችሁ ናሙና ካለ መብራቱን ብቻ አትውቀሱ፣ አሮጌ ናሙና ውስጡ ያለው ቅባት ወደ ውጪ ይወጣና ጸጉሩን አርሶ ሁሉንም ያጠቁረዋል፣ አሴቶን ውስጥ ነክሮ ማቆየት ነው መፍትሄው፣ ሲደርቅ ሌላ ጥንዚዛ ይመስላችኋል።

መለካቱ ላይ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለኝ፣ አጠር አደርገዋለሁ። አይናችሁን የምታስጠጉበት ሌንስ ውስጥ የሚገባ ባለ 100 መስመር ማስመሪያ አለ፣ እሱም ለብቻ ይገዛል። የዙም ቁልፉን ቁጥር 1 ላይ፣ ማለትም 10 እጥፍ ላይ፣ ስታደርጉት አንዷ መስመር 0.1 ሚሊሜትር ትሆናለች፣ 2 ላይ 0.05 ትሆናለች፣ ቀላል ሂሳብ ነው። ችግሩ የዚህ ማይክሮስኮፕ የዙም ቁልፍ ቀጥ ብሎ ይሽከረከራል እንጂ ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ አይቆምም። እኔ በአይኔ 1 ላይ ነው ብዬ አቆምኩት፣ የክንፉን ሽፋን ለካሁ 9.7 ሚሊሜትር፣ ጻፍኩ። ከሳምንት በኋላ በሌላ ማይክሮስኮፕ ደግሜ ስለካው 9.1። ለካ ቁልፉ 1.07 አካባቢ ነበር የቆመው። 0.6 ሚሊሜትር ምን ታደርጋለች ትሉ ይሆናል፣ ይሄ ሆሎታይፕ ነው እኮ! ሆሎታይፕ ማለት የዝርያው ስም ለዘላለም የሚታሰርበት አንድ ናሙና ነው፣ ከ1999 በኋላ በወጣ በማንኛውም አዲስ ዝርያ ገለጻ ላይ የትኛው ናሙና ስሙን እንደያዘ እና የት እንደተቀመጠ በግልጽ መጻፍ የስያሜ ህጉ ግዴታ አድርጎታል። ከመቶ አመት በኋላ አንድ ሰው ያንን ናሙና ከመሳቢያ አውጥቶ ሲለካው እና የኔ ቁጥር አልገጥም ሲለው "የተሳሳተ ናሙና ነው የተቀመጠው" ብሎ ሊጠራጠር ይችላል። በኔ ቁልፍ ምክንያት።

መፍትሄው ምንድነው፣ 1 ሚሊሜትር መቶ ቦታ የተከፈለበት የመለኪያ መስታወት ገዝታችሁ በለካችሁ ቁጥር ዙሙን በሱ ማረጋገጥ ነው። እኔ የዙም ቁልፉ ላይ በምላጭ ቀጭን ጭረት ሰርቼበታለሁ፣ የባሰ አስቀያሚ ሆኗል፣ ግን ይሰራል። ቀጭ የሚል ዙም ያለው ሞዴል ካገኛችሁ ግን ሌላውን ሁሉ ትታችሁ እሱን ግዙ።

ካሜራው። እሺ ካሜራው። 18 ሜጋፒክስል የሚለው ነገር አይን ያወጣ ውሸት ነው፣ ሴንሰሩ ትንሽ ነው፣ ሶፍትዌሩ ፎቶውን ይለጥጠዋል እና ፋይሉ ይተልቃል ዝርዝሩ ያው ነው። የአንድ ጥንዚዛ ደረት ላይ ያለ ጸጉር በአይኔ አንድ በአንድ እቆጥረዋለሁ፣ በካሜራው ደግሞ ጥጥ ይሆናል። ቀለሙ ሌላ ጉድ ነው፣ ቡኒው ብርቱካን ይሆናል፣ ነጭ ሚዛኑን ብታስተካክሉትም ከአምስት ደቂቃ በኋላ ወደ ልቡ ይመለሳል። ለገለጻ ቀለም ወሳኝ ነው፣ "ሽፋኑ ቀይ ቡኒ፣ ጸጉሩ ቢጫማ ነጭ" ብላችሁ ጽፋችሁ ከስሩ ብርቱካን ጥንዚዛ ፎቶ ማስቀመጥ ሰው ያስቃል። ከዛ የኤልኢዲ መብራቱን ደብዘዝ ስታደርጉት ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ከላይ ወደታች ይዋኛሉ፣ መብራቱ በጣም በፍጥነት እየበራ እየጠፋ ስለሆነ ነው የሚደበዝዘው፣ አይን አያየውም ካሜራው ያየዋል።

ከሁሉም የሚያናድደው ግን ፎከስ መደራረቡ ነው። ለማያውቅ ሰው፣ እንዲህ ስታጎሉ ጥርት ብሎ የሚታየው ስስ ሽፋን ብቻ ነው፣ ጭንቅላቱ ሲጠራ ጀርባው ይደበዝዛል፣ ስለዚህ ከላይ ወደታች ትንሽ ትንሽ እያወረዳችሁ ሰላሳ አርባ ፎቶ ታነሱና ሶፍትዌር የጠራ የጠራውን አንድ ላይ ይሰፋዋል። የዚህ ማይክሮስኮፕ አሰራር ግን ሁለቱ ቱቦዎች እስከታች ድረስ ጋደል ጋደል ብለው የሚወርዱበት ግሪኖ የሚባለው አይነት ነው። ለአይን ጥልቀቱን ቆንጆ አድርጎ የሚያሳየው እሱ ነው፣ ሁለት አይን ከሁለት አቅጣጫ ስለሚያይ፣ ካሜራው ግን በአንደኛው ብቻ ስለሚያይ ሁልጊዜ ጥንዚዛውን በሰያፍ ነው የሚያየው። ፎከሱን ስታወርዱ ምስሉ ወደ ጎን ይንሸራተታል። አርባ ፎቶ ተደራርቦ ሲያልቅ የጥንዚዛው ጀርባ አልፎ አልፎ ሁለት ጠርዝ ያወጣል፣ መርፌው ደግሞ መጥረጊያ ይመስላል። ሶፍትዌሩ ማስተካከያ አለው፣ ያሻሽለዋል፣ አያድነውም። እኔ የመጣልኝ መላ ናሙናውን ራሱን በሰያፍ ማዘንበል ነው፣ ካሜራው ወደሚያይበት ቱቦ ፊት ለፊት እስኪዞር፣ ምስሉ ቀና ይላል መንሸራተቱ ግን አለ።

ለህትመት የሚሆኑትን ፎቶዎች አሁን የማነሳው በተራ ካሜራ እና ማክሮ ሌንስ ነው፣ ማይክሮስኮፑ ለማየት እና ለመለካት ብቻ። ካሜራውን ለዶክተሯ ከሩቅ ለማሳየት እጠቀምበታለሁ፣ ለቪዲዮ ጥሪ በቂ ነው፣ "ወደ ግራ፣ ትንሽ ዝቅ፣ እዛ ጋ ቁሚ" እያሉ።

ፎቶ ለምን እንዲህ ያንገበግበኛል? የድሮዎቹ ፎቶ ስላልነበራቸው እኛ እስካሁን ዋጋ እየከፈልን ስለሆነ ነው። ስቴፋን ቮን ብሮይኒንግ የሚባል ኦስትሪያዊ ነበር፣ ከ1894 እስከ 1983 የኖረ፣ ብቻውን ከ7 ሺህ በላይ የረጅም ቀንድ ጥንዚዛ ስሞች ያወጣ፣ አብዛኛው ከዛው ከላሚይኔ። ሰውየው ጀግና ነው አልክድም፣ ግን ብዙዎቹ ገለጻዎቹ በጣም አጫጭር ናቸው፣ አብዛኞቹ ስእል እንኳ የላቸውም፣ እና አንድ ነገር አዲስ ነው ከማለታችሁ በፊት እሱ ስም ያወጣላቸውን የጥንዚዛውን ዘመዶች ሁሉ ማጣራት አለባችሁ፣ በህጉ ቀድሞ የወጣው ስም ነው የሚጸናው። ገለጻውን ታነባላችሁ፣ ሶስት ዝርያ ላይ ይሰራል፣ ከዛ በየሀገሩ ሙዚየም እየጻፋችሁ የሆሎታይፑን ፎቶ ላኩልን ትላላችሁ። የሚላከው ፎቶ በኔ አይነት ካሜራ የተነሳ ከሆነ አስቡት።

እንግሊዛዊውን የተፈጥሮ ተመራማሪ ዋላስን ደግሞ እዩት፣ በ1855 ቦርኒዮ ደሴት ውስጥ ሲሙንጆን የከሰል ማውጫ አካባቢ ተቀምጦ ለሰራተኞቹ በአንድ ነፍሳት አንድ ሳንቲም እየከፈለ ሲሰበስብ በአንድ ቀን 76 አይነት ጥንዚዛ ያገኘበት ቀን አለ፣ 34ቱን ከዛ በፊት አይቷቸው አያውቅም። ምክንያቱ ለማእድን ማውጫው እና ለባቡር ሀዲዱ ጫካው እየተቆረጠ ስለነበር ነው፣ የወደቀ እንጨት ሲኖር ረጅም ቀንዶች ይጎርፋሉ፣ እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዛ ነው፣ እጫቸው እንጨት ውስጥ እየበላች ወራት አንዳንዴም አመታት ትቆያለች። እሱ የሰበሰባቸውን ቁጭ ብሎ የገለጻቸው ሌላ ሰው ነው፣ ፓስኮ የሚባል። እስካሁን ነገሩ እንደዛው ነው፣ አንዱ ጫካ ይገባል፣ ሌላው ማይክሮስኮፕ ላይ ይጎብጣል። እኔ ጎባጩ ነኝ።

ማይክሮስኮፑን ጫካም ግን አንድ ጊዜ ወስጄዋለሁ፣ ለሶስት ሳምንት፣ ማታ ማታ ነጭ አንሶላ ወጥረን በመብራት የምንሰበስብበት ካምፕ። እዛ ላይ እቃው አኩርቶኛል። ከብረት ነው የተሰራው፣ ይከብዳል፣ መኪና ላይ ሲንገጫገጭ ሁለቱ ቱቦዎች መስመራቸውን አልሳቱም። የፈራሁት ሻጋታውን ነበር፣ በእንደዚህ አይነት እርጥበት ሌንስ ውስጥ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ይበቅላል፣ አንዴ ከገባ የሚያወጣው ጥሩ ባለሙያ ብቻ ነው። ማታ ማታ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ሳጥን እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር አሳደርኩት፣ ምንም አልሆነም። አብሮት የሚመጣው የፕላስቲክ ሽፋን ግን አቧራ ይከለክላል እንጂ እርጥበትን ጭራሽ አፍኖ ይይዛል፣ ጫካ ውስጥ አታልብሱት።

እዛው ካምፕ አክሮሲነስ ሎንጊማነስ የሚባለውን ባለ ብዙ ቀለሙን፣ ወንዱ የፊት እግሩ ከሰውነቱ በላይ የሚረዝመውን፣ ከነህይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ክንፉን ገለጥ አድርጌ ከማይክሮስኮፑ ስር ሳደርገው ሆዱ ላይ ሀሳዊ ጊንጦች፣ ማለትም ጊንጥ የሚመስሉ ግን ጅራት የሌላቸው ትንንሽ ፍጥረቶች፣ ተሳፍረው ተገኙ፣ ከአንዱ የበሰበሰ ግንድ ወደ ሌላው የሚጓዙት በሱ ነው፣ ታክሲ ማለት ነው። 15 እጥፍ ላይ ቆንጥጠው ሲይዙ ይታያል። 0.5 ሌንሱ ባይኖር እጄን ከስሩ አስገብቼ ክንፉን መያዝ አልችልም ነበር።

ፎከስ ቁልፉ ላይ ቅሬታ አለኝ። ካሜራው ከላይ ሲጫን ክብደቱን አይችለውም፣ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ እናንተ ቆጠራ ላይ እያላችሁ ምስሉ ይደበዝዛል። ማጥበቂያ ቀለበት አለው፣ በግራው ቁልፍ ውስጠኛ በኩል ነው፣ መመሪያው ላይ ግን የለም። መመሪያው ራሱ ሁለት ገጽ ነው፣ አንደኛው ገጽ "ጸሀይን አይመልከቱ" ነው የሚለው። ሻጩን ስጠይቀው ከአራት ቀን በኋላ "ካሜራውን ያውርዱት" ብሎ መለሰልኝ። የዩኤስቢ ገመዱ ተበላሽቶ ሌላ ልኮልኛል፣ ለሱ አመሰግናለሁ፣ ቆይቷል ግን ደርሷል።

የብልት ስራ ለምትሰሩ ደግሞ፣ አዎ ይሰራል። ብዙ ጊዜ ሁለት ተቀራራቢ ዝርያዎችን በቁርጥ የሚለየው የወንዱ ብልት ነው፣ አውጥታችሁ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ አለስልሳችሁ ግሊሰሪን ላይ ታዩታላችሁ። ከናሙናው ስር ወደ ላይ የሚያበራው ሌላኛው መብራት ለዚህ በቂ ነው፣ ከመካከለኛ እና ትልልቅ ጥንዚዛዎች የወጣውን 45 ላይ በደንብ አየዋለሁ። ለትንንሾቹ ወደ ሌላው ማይክሮስኮፕ መሄድ ግድ ነው፣ ይሄ የዚህ እቃ ጥፋት አይደለም።

ምን ያህል አጉልታችሁ እንደምታዩ ሳይሆን መጀመሪያ ቆም ብላችሁ ማየታችሁ ነው የሚያስፈልገው ብሎ የሚከራከረኝ ጓደኛ አለኝ፣ እና አንድ ነገር ይጠቅሳል። በ2024 የተገለጸው ኤክስካስትራ አልቦፒሎሳ፣ አውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ውስጥ በላሚንግተን ብሔራዊ ፓርክ የዝናብ ጫካ አንድ የዶክትሬት ተማሪ ካምፕ ባደረገበት ቦታ ቅጠል ላይ ሲያየው የወፍ ኩስ ነው ብሎ አልፎት ሊሄድ ነበር። 9.7 ሚሊሜትር ነው፣ ሰውነቱ ሁሉ የቆመ ነጭ ረጅም ጸጉር። ተመልሶ ስላየው ነው አዲስ ዝርያ ብቻ ሳይሆን አዲስ ጂነስ (ተቀራራቢ ዝርያዎች የሚመደቡበት ቡድን) የሆነው፣ ስሙም በላቲን "ከካምፑ" ማለት ነው። እውነቱን ነው፣ ግን ያንን ጥንዚዛ ከየትኛውም ከሚታወቅ ጂነስ አይገባም ለማለት ቀጥሎ አንድ ሰው ማይክሮስኮፕ ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን አይኑን አፉን አንድ በአንድ አይቷል።

ማን ይግዛው ካላችሁ፣ በአይኑ አይቶ ለሚሰራ፣ ለሚለካ፣ ናሙና ለሚያዘጋጅ፣ የዝርያ መለያ ዝርዝር እያነበበ ዝርያ ለሚለይ ሰው ያለምንም ጥርጥር ይግዛ፣ ባለ ሁለት ቱቦውን ግን ነው የምለው፣ ለሶስተኛው ቱቦ እና ለካሜራው የምታወጡትን ለ0.5 ሌንሱ፣ ለማስመሪያው እና ለመለኪያ መስታወቱ አድርጉት። ፎቶ ዋና ስራው የሆነ ሰው ግን በአንድ ትልቅ ሌንስ የሚሰራውን ሌላኛውን አይነት፣ እሱም ለካሜራው ቀጥ ያለ እይታ የሚሰጠውን ይፈልግ። ከአምስት ሶስት ተኩል ኮከብ፣ ካሜራው ባይኖር አራት ተኩል እሰጠው ነበር፣ አብሮት የመጣ ነገር ቀንሶበት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ተጨማሪ፦ ይሄን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የፎከስ ማጥበቂያውን በደንብ አሰርኩት፣ አሁን ካሜራውም ተጭኖ አይወርድም። የሚታሰረው ወደ ራሳችሁ ስታዞሩት ነው፣ እኔ ስምንት ወር ሙሉ ወደ ሌላ በኩል ሳዞረው ኖሬያለሁ።